ሐረግ የሌለው አበባ

አረንጓዴው እርሳስ ቀጭ ብሎ ጫፉ ተሰበረ። ከጠዋት ጀምሮ ይህ ሦስተኛው ነው።

«በዚህ ዓይነት ቅጠሉን ሳትጨርሺ እርሳሱን ትጨርሺዋለሽ» አሉ መምህር ኢስማኢል፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው።

ናዝራዊት መቅረጫውን አንስታ ጫፉን ቀረጸችና እፍ ብላ ፍርፋሪውን ከወረቀቱ ላይ አራገፈች። ወረቀቱ ላይ የተነደፈው የሀበሻ ቀሚስ ጥልፍ ነው፦ ከደረት እስከ ጫፍ የሚወርድ ሐረግ፣ በሐረጉ ግራና ቀኝ ቀያይ አበባዎች። አበባዎቹ አልቀዋል። የቀሩት ከታች ያሉት ሦስት ቅጠሎች ናቸው፤ ለእነሱ ደግሞ ትዕግሥቷ አልቋል።

ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር፣ በመምህር ኢስማኢል በረንዳ ላይ መማር ከጀመረች አምስት ወር ሆኗታል። መምህሩ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ናቸው። የታተመ ካርታ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን በየክፍሉ የሚሰቀለውን በእጃቸው እየነደፉ በባለ ቀለም እርሳስ ያጠቁሩት፣ ያፈኩት ነበር። ባሕሩን ከዳርቻው ጠበቅ፣ ወደ መሃሉ ላላ፤ ተራራውን በአንድ ጎኑ ጨለም፣ በሌላው ፈካ። ናዝራዊት ያንን እጅ ፈልጋ ነው የመጣችው። ለካርታ ሳይሆን ለጥልፍ ንድፍ።

ትምህርታቸው አጭር ናት። እርሳሱን ከጫፉ ራቅ አድርገሽ ያዢ። ከመዳፍሽ ሥር ብጣሽ ወረቀት አኑሪ፣ ላብሽ ቀለሙን እንዳያበላሸው። አንዴ አጥብቀሽ ከምትቀቢ ሰባቴ በስሱ ደራርቢ። አንዴ የተጨቆነ ወረቀት ያብረቀርቃል እንጂ ሌላ ቀለም አይቀበልም።

«ዛሬ እጅሽን የያዘብሽ ሌላ ሰው ነው» አሉ መምህሩ። «ማን እንደሆነችም አውቃለሁ።»

«ካወቁማ ምን ይጠይቁኛል?»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ናዝራዊት እንኳን ነገሩን ልትረሳ፣ የዚያን ቀን በዛብሽ የትኛውን ነጠላ አጣፍታ እንደነበር ሳይቀር ታስታውሳለች።

በዛብሽ ገበያው አጠገብ ትልቅ የባህል ልብስ ሱቅ ያላት ሴት ናት፤ ለናዝራዊት ደግሞ የክርስትና እናቷ ነች። «እትዬ»ውና አንቱታው ለበዛብሽ የሚሰጣት በአፍ ብቻ ነው፤ በሆዷ ናዝራዊት አክብሮቱን ከነሣቻት ሁለት ዓመት አልፏል። ያኔ የሱቁን ንድፍ የምታወጣው ናዝራዊት ነበረች። በአቅራቢያዋ ከተማ በዲጋ ለምትኖረው ለወይዘሮ አሰፋች ልጅ ለሩት ሰርግ፣ ለሙሽራዋና ለስድስት ሚዜዎች ቀሚስ ታዘዘ። ናዝራዊት ሐረጉን ነደፈች፤ ያኔ ቀለም መቀባት ስለማትችል በየቦታው ፊደል ጻፈችበት። «ቀ» ማለት ቀይ፣ «ቢ» ማለት ቢጫ፣ «አ» ማለት አረንጓዴ።

ችግሩ በዚያ ሱቅ ክር የሚጠራበት ቋንቋ ቅጥ የለውም። ቀዩ ቀይ ነው፣ ቢጫውም ቢጫ። ነጩን ግን ገዢውም ሻጩም፣ አማራውም ኦሮሞውም፣ «አዲ» ይለዋል፤ በኦሮምኛ ነጭ ማለት ነው። በጥልፍ ማሽኑ ላይ የሚቀመጠው ሞረዳ «አ»ን ሲያይ አዲ ብሎ አነበበ። ሰባቱንም ቀሚስ በነጭ ጨርቅ ላይ ነጭ ሐረግ፣ ነጭ ቅጠል ጠለፈባቸው። ሰርጉ ዕለት ሙሽራዋና ሚዜዎቿ ሲወጡ አበባዎቹ ማንም እንዳልያዛቸው ደረታቸው ላይ ተበትነው ቀሩ። ሐረግ የለ፣ ቅጠል የለ። አንዷ የሙሽራው አክስት «ፈንጣጣ የወጣባቸው ይመስላሉ» አለች፤ ሰርገኛው በሙሉ ሰማ።

በማግስቱ ወይዘሮ አሰፋች ሱቁን በጩኸት አናጋችው። በዛብሽ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ወደ ናዝራዊት ጣቷን ቀሰረች።

«ቀለም ሳትለይ ቀለም ሠራተኛ ነኝ ትላለች! ዕውር መሆኗን ሳላውቅ ነው ለካ ክርስትና ያነሳኋት!»

ነቀምቴ ትንሽ ከተማ አይደለችም፣ ለስም ማጥፊያ ግን የምትበቃ ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ናዝራዊት «ዕውሯ» ሆነች። ገበያ ስትወርድ ቲማቲም ሻጮቹ አንዱን አንስተው «ናዝሪ፣ ይሄ ቀይ ነው ሰማያዊ?» ይሏታል። ንድፍ የሚያዝዛት ጠፋ። ዓመት ሙሉ ለተማሪ ዩኒፎርም ቁልፍ ስትተክል ከረመች። በዛብሽን ላለመሳለም ስትል ደብር ቀየረች፤ የንስሐ አባቷ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ቢሏት «አባቴ፣ ሳሌን ለማስታገስ ነው የራቅሁት» ብላ መለሰች።

እሷ ከመጀመሪያው አንድ ቃል ነው ያላት። «ከግርጌው መፍቻውን ጽፌያለሁ። አ ማለት አረንጓዴ ብዬ ጽፌያለሁ።» ወረቀቱ የት ገባ ሲባል በዛብሽ «አይጥ በልቶታል» አለች። ናዝራዊት ግን አይጧ ባለ ነጠላ መሆኗን አልተጠራጠረችም።

የዛሬ ሳምንት ነው ነገሩ የተለወጠው። መምህር ኢስማኢል እጇ መጠንከሩ ሲያታክታቸው ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ባዶ ወረቀት ላይ የሆነ ነገር ጻፉና «በይ ይህን በስሱ አጥቁሪው» አሏት። እርሳሱን አጋድማ ስታሸው፣ ከአረንጓዴው መሃል ነጫጭ ፊደላት ብቅ አሉ፦ «ረጋ በይ»።

«አየሽ?» አሉ። «አጥብቀሽ የጫንሽው ነገር ወረቀቱ ላይ ጎድጉዶ ይቀራል። ቀለም ሲያልፍበት ይናገራል። ሥር ያለው ወረቀት እንኳ ይቀበለዋል።»

ናዝራዊት የሰማችው የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነው። የዚያን ጊዜው የንድፍ ደብተር፣ ለበዛብሽ የሰጠችው ወረቀት የተገነጠለበት፣ ከሳጥኗ ሥር ሁለት ዓመት ሙሉ ተዘግቶ ተቀምጧል። ከተገነጠለው ሥር ያለው ገጽ ንጹሕ ነው። እጇ ደግሞ ያኔም ጠንካራ ነበር።

አጋጣሚውም ራሱ መጣ። የወይዘሮ አሰፋች ታናሽ ልጅ ቲቲ ልታገባ ነው። ቲቲ ከናዝራዊት ባለ ቀለም ንድፎች አንዱን በጓደኛዋ ስልክ አይታ «እኔ ይህቺን ነው የምፈልገው» ብላ ድርቅ አለች። እናቲቱ «ዕውሯን?» ብትልም በመጨረሻ ተሸነፈች፤ ሐሙስ ቀትር ላይ በበዛብሽ ሱቅ የናዝራዊትንም የበዛብሽንም ንድፍ አይታ ልትመርጥ ተስማማች።

ዛሬ ሐሙስ ነው።

«መጀመሪያ ለብቻሽ ሞክሪው» አሉ መምህር ኢስማኢል፣ ደብተሩን ከንድፉ ጋር ስትጠቀልል እያዩ።

«ለብቻዬ ብሞክረው ትናንት የጻፍሽው ነው ትለኛለች። በሰው ፊት ነው የተሰደብኩት፣ መምህር። የሚወጣውም በሰው ፊት ነው።»

«ምናልባት ግን…»

«ምናልባት የለም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

«ይጠራል» አሉ መምህሩ፣ እርሳሶቹን አንድ በአንድ ወደ ሳጥናቸው እየመለሱላት። «መቅረጫውን እንዳትረሺ።»

ሱቁ ስትደርስ ሁሉም ነበሩ። ወይዘሮ አሰፋች ከነልጇ ከባንኮኒው ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ሦስት ሌሎች ገዢዎች ጨርቅ እየዳሰሱ ነው፤ ጆሯቸው ግን ጨርቅ ላይ አልነበረም። ሞረዳ ከጥግ በማሽኑ ይሰፋል። በዛብሽ ወርቋን አድርጋ ከባንኮኒው ጀርባ ቆማለች።

«አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ?» አለች ወይዘሮ አሰፋች። እንዴት ነሽ ልጄ ማለቷ ነው፣ ድምጿ ግን ቀዝቃዛ ነበር።

«ነጋ፣ ደህና ነኝ፣ ወይዘሮ አሰፋች። እርስዎ እንዴት ነዎት?»

ከበዛብሽ ጋር በራስ ንቅናቄ እንኳን ሰላም አልተባባሉም። ናዝራዊት ንድፏን ባንኮኒው ላይ ዘረጋችው። ቲቲ ዘላ ተነሣች።

«እማ፣ ነይ እዪው! ቅጠሉ እኮ እጅ ላይ የሚቀር ይመስላል!»

ከአጠገቡ የበዛብሽ ንድፍ፣ በፊደል የተሞላው፣ እንደ ሒሳብ ጥያቄ ደርቆ ቀረ። በዛብሽ ግን በቀላሉ የምትረታ አይደለችም።

«ወረቀት ላይ ማንም ያሳምራል» አለች። «ጨርቅ ላይ ሲወጣ ነው ነገሩ። አሰፋች፣ ይህቺ ልጅ ያደረገችኝን ረሳሽው እንዴ?»

«እንዴት እረሳለሁ? የሩት ሰርግ ቪዲዮ ላይ አሁንም አለ።» ወይዘሮ አሰፋች ወደ ናዝራዊት ዞረች። «እውነቱን ልንገርሽ፣ ሥራሽ ያምራል። ግን ልጄን ሁለተኛ አላስስቅባትም። ያኔ ያጠፋሽው አንቺ ከሆንሽ፣ ይኼም ነገ ምን እንደሚሆን አላውቅም።»

ናዝራዊት የጠበቀችው ይህንኑ ነበር። አሮጌውን ደብተር አውጥታ ንጹሑን ገጽ ገለጠች።

«ያኔ የሠራሁት ንድፍ ከዚህ ደብተር ነው የተገነጠለው። ከላይ የጻፍኩት ሁሉ እዚህ ሥር ታትሟል። ኑ፣ ቅረቡና እዩ። ማን እንዳጠፋ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል።»

አረንጓዴውን እርሳስ አጋደመች። ይህን ሥራ ሰባት ቀን በሐሳቧ ስትሠራው ነው የከረመችው፤ እጇ ከጠዋቱ ይልቅ የረጋ ነበር። ከላይ ጀምራ በስሱ፣ በስሱ ወረደች። መጀመሪያ አንድ አበባ በነጭ መስመር ብቅ አለ። ቀጥሎ ሐረጉ። ከዚያ ፊደላቱ፦ ቀ፣ ቢ፣ አ።

«ዋቃዮ፣ አምላኬ!» አለች አንዷ ገዢ። ሰዎቹ ተጠጉ። የሞረዳ ማሽን ዝም አለ።

በዛብሽ ፊቷ አመድ መሰለ። ናዝራዊት ቀና ብላ አየቻትና ደስ አላት። ደስታውን አልደበቀችም። ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ይህን ፊት ነው፤ ያ ጣት የሚገባበት ሲያጣ ማየት ነው የፈለገችው፤ እነሆ ጣቶቿ የነጠላውን ጥለት እያፍተለተሉ ነው።

«በቃ፣ በቃ ልጄ» አለች በዛብሽ። «አየን። ያለፈ ነገር ምን ያደርጋል? ለቲቲ ያንቺው ንድፍ ይሁን፣ እኔ አልከራከርም።»

«መፍቻው አልወጣም ገና» አለች ናዝራዊትና ወደ ግርጌው ወረደች።

የግራው ጥግ አረንጓዴ ሆነ። ምንም የለም። መሃሉን አለፈች። ምንም የለም። የቀረው የቀኙ ጥግ ብቻ ነው፣ አንድ መዳፍ የማይሞላ ነጭ ቦታ። እዚያ ነው፣ እዚያ ነው የጻፍኩት አለች በልቧ፤ እጇ ግን ቆመ።

ያን ጊዜ ትዝ አላት። ያ ከሰዓት፣ በዛብሽ ከበር ሆና «ባጃጁ ቆሟል፣ ቶሎ በይ!» ስትላት። «ቆይ እትዬ፣ መፍቻውን…» ብላ መጀመሯ፣ ከዚያ ደግሞ «ግድ የለም፣ ለሞረዳ በአፍ እነግረዋለሁ» ብላ ወረቀቱን ቦጭቃ መስጠቷ። አልነገረችውም። ረስታዋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ጽፌያለሁ ጽፌያለሁ ስትል ከመክረሟ የተነሣ ጽሑፉ በዓይኗ ላይ ተጽፎ ቀርቶ ነበር። ደግሞስ «አረንጓዴ» ብሎ ነገር ከየት አመጣች? በዚያ ሱቅ አረንጓዴ የሚል ሰው አልነበረም። ክሩን ሁሉም፣ እሷም ራሷ፣ «ቅጠልያ» ነበር የምትለው። ለአረንጓዴ «አ»ን የጻፈችው የተማረች ለመምሰል ነው። ሞረዳ ምን ያድርግ?

ማንም አላወቀም ገና። ሰዎቹ የሚያዩት ትከሻዋን ነው። በዛብሽ እጅ ሰጥታለች፣ ሥራው ተሰጥቷታል። እርሳሱን አስቀምጣ «እንግዲህ አያችሁ» ብትል፣ ደብተሩንም ብትዘጋው፣ ድሉ የሷ ነው። ደግሞ አሰኛት፤ በጣም አሰኛት። ነገር ግን ያንን ጥግ ነጭ አድርጋ ከዘጋችው፣ ከዛሬ ጀምሮ ወረቀት የምትሰውረው አይጥ እሷ ልትሆን ነው። በዛብሽንስ በምን አፏ ትጠላታለች?

እርሳሱን አጋደመችና የቀረውን ጥግ በስሱ፣ እስከ ጠርዙ፣ አረንጓዴ አደረገችው። ባዶ ነበር። ደብተሩን ወደ ሰዎቹ አዞረችው።

«መፍቻ የለም» አለች። «አልጻፍኩም። ጽፌያለሁ እያልኩ ስምል የኖርኩት ውሸት ነው። ስህተቱ የኔ ነው።»

ቲቲ እናቷን አየች። መጀመሪያ ነፍስ የዘራችው በዛብሽ ነች።

«እሰይ! አላልኳችሁም?» ጣቷ እንደገና ተቀሰረ። «ሁለት ዓመት ስሜን ስታጠፋ፣ ወረቀቱን ሰወረችብኝ ስትል! ዕውር ብላት ምን አጠፋሁ? በገዛ እጇ…»

«አዴ በዛብሽ» አለ ሞረዳ፣ እትዬ እንደ ማለት። ከማሽኑ ተነሥቶ ቆሟል። ሰውዬው በቀን አሥር ቃል የማይናገር ዝምተኛ ነው፤ ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። «እኔ እኮ ያኔ ጠይቄዎታለሁ።»

«ምኑን ነው የጠየቅኸኝ አንተ?»

«“ይቺ አ ምንድን ናት?” አልኩ። “ነጭ በነጭ ላይ ይሆናል እንዴ?” አልኩ። እርስዎ ስልክ ያወሩ ነበር። “አዲ ናት፣ ፋሽን ነው፣ ዝም ብለህ ስፋ” አሉኝ።»

«ሞረዳ!»

«ልጆች አሉኝ፣ ዝም አልኩ። ፈራሁ። አሁን እሷ የራሷን ጥፋት ይኸው በአደባባይ ስትናገር፣ እኔ ወንዱ ልፈራ?» ወደ ናዝራዊት ዞሮ አንገቱን ደፋ። «ዺፈማ፣ ኦቦሌቲ። ይቅር በይኝ እህቴ።»

ወይዘሮ አሰፋች ቀስ ብላ ተነሣች። «ስለዚህ ልጄን አዲ ያለበስሽው አንቺ ነሽ፣ በዛብሽ?»

በዛብሽ አንዴ ሞረዳን፣ አንዴ በሩን አየች። ከዚያ ድምጿን አለዘበች፤ ናዝራዊት ትንሽ ልጅ ሳለች በበዓል ቀን ስትስማት የነበረው ድምፅ ነው።

«የሰው ልጅ ይሳሳታል እንግዲህ። ልጄ አይደለሽ? አንቺም ተሳስተሻል፣ እኔም ተሳስቻለሁ። እኩል ነን። እርሺው።»

ናዝራዊት ልቧ ትንሽ እንኳን አልራራም። እንደሚራራ አስባ ነበር፤ አልራራም።

«ስህተቱ ላይ እኩል ነን፣ እትዬ። የኔን ሰው ሁሉ እየሰማ ተናግሬያለሁ። ስድቡ ግን የእርስዎ ብቻ ነው።» ደብተሩን ባንኮኒው ላይ ወደ በዛብሽ ገፋችውና በጣቷ ባዶውን ጥግ አመለከተች። «ይቺ ቦታ ባዶ ሆና አትቀርም። እኔ ያልጻፍኩትን እርስዎ ይጻፉልኝ። አ ማለት ምን እንደሆነ። ከሥሩ ደግሞ አዲ ያለችው በዛብሽ ናት ብለው ይጻፉ። ዕውሯ ማን እንደሆነች ገበያው ራሱ ያነብባል።»

«ምን ያለሽ ነሽ! እኔን፣ የክርስትና እናትሽን!»

«አዎ። እርስዎን።»

በዛብሽ እንድታስጥላት ወደ ወይዘሮ አሰፋች ዓይኗን ሰደደች። ወይዘሮ አሰፋች ወንበሯን ወደ ባንኮኒው ስባ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች።

«ጻፊላት እንጂ» አለች። «ባጃጅ ቆሞ አይጠብቀንም፣ አንቸኩልም።»

በዛብሽ እርሳሱን ተቀበለች። ጎንበስ አለች። «አ» ብላ ጻፈች፣ ከዚያ «ረ»። እርሳሱን አጥብቃ ተጫነችው፤ ሦስተኛው ፊደል ላይ ስትደርስ እርሳሱ ቀጭ አለ።

«ተሰበረ» አለች። እፎይታዋ ከድምጿ ላይ ይሰማል። እርሳሱን ባንኮኒው ላይ አኑራ ቀና ለማለት ሞከረች።

ናዝራዊት ቦርሳዋን ከፈተች። መቅረጫውን አውጥታ፣ ሳትቸኩል፣ እርሳሱን ቀረጸችው። ፍርፋሪውን እፍ አለችበት። ጫፉን በጣቷ ሞከረችና መልሳ በበዛብሽ ጣቶች መሃል አኖረችው።